ሃምሳ ማይል ላይ የሚነሣው ንዝረት

«ከሐርቡ መታጠፊያ ጥሩምባ ሲነፋ፣
እምም… እምምም… እምም… ፋ።»

ዓብዱልሀሚድ ይህን ዜማ ሲያንጎራጉር አርባ ዓመት አልፎታል። የሁለተኛው ስንኝ ቃል ከጠፋበት ደግሞ ሠላሳ ይሆነዋል፤ የቀረችው ቤት መድፊያዋ ብቻ ናት፣ ያቺ «ፋ»። የአሰብ መንገድ ረዳቶች ጭነት አናት ላይ ተጋድመው የሚያወርዱት ዘፈን ነበር። የበረሃው ነፋስ ግማሹን ቃል ከአፋቸው ይነጥቀው ስለነበር ታች ጋቢና ለተቀመጠ ሰው ሙሉው ደርሶት አያውቅም። ልጁ ሐያ፣ «ባባ፣ ወይ ጨርሰው ወይ ስቶፕ አድርገው» ትለዋለች። እሱ ግን ያልጨረሰውን ነገር መተው አይሆንለትም፤ ዘፈንም ይሁን፣ ብረትም ይሁን።

ያን የሰኔ ዓርብ ጠዋት ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ውስጥ፣ ከአንድ ሐላል ሥጋ ቤት ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ አስፋልቱ ላይ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተንጋሎ ነበር የሚያንጎራጉረው። ከበላዩ ያለው ቤቱን ያዘለ መኪና ነው፤ እዚህ አገር አርቪ ይሉታል። ሆዱ ውስጥ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥበት ጠረጴዛም አለው። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት አልፏል። ነጭ የነበረው ቀለሙ የቆየ ቅቤ መስሏል፤ በጎኑ የተሰመረችው ቡናማ መስመር ግን ዛሬም እንደ ሙሽራ ኩል ቀጥ ብላ አለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የመኪናው ባለቤት የኔነሽ ነገ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ የተከራየችውን አፓርታማ ቁልፍ ታስረክባለች። ከተራራው ማዶ፣ ወንዝ ዳር፣ የከተማ ሰው ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ጫካ አለ፤ ሰኞ ጠዋት እዚያ ጠባቂና አስተናጋጅ ሆና ሥራ ትጀምራለች። የሥራው ውል፣ መኖሪያሽን ይዘሽ ነይ ይላል። መኖሪያዋ ይህ መኪና ነው። ይህ መኪና ደግሞ እስከ አርባ አምስት ማይል ድረስ እንደ ጨዋ ልጅ ሄዶ፣ ሃምሳ ሲደርስ ከወለሉ ሥር እየጮኸ ይንዘፈዘፋል። ሳህን ከሳህን፣ መስኮት ከመስኮት፣ ጥርስም ከጥርስ ይጋጫል። እንዲህ እየሆነ ተራራ የወጣ መኪና፣ የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ረጅም ዘንግ መንገድ ላይ ጥሎ ገደል አፋፍ መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ንዝረቱ ካልጠፋ የኔነሽ ነገ ቤትም መንገድም የላትም።

የኔነሽ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፋለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ልጅ አልወለደችም። አርቪ ገዝታ ጫካ ልትገባ መሆኑን ሲሰሙ የማኅበሯ ሴቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ላኩ። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ድብ ካለበት ጫካ ምን ልታደርግ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው፤ በር ላይም እንዲህ አለቻቸው፦

«ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አልጋ አነጠፍሁ። አሁን የራሴን አልጋ ወደ ፈለግሁበት እነዳዋለሁ። ድቡም ቢሆን አንሶላ ቀይሪልኝ አይለኝም።»

ይህን ሲነግሩት የዓብዱልሀሚድ ልብ ሞቀ። እሱም የእምቢታ ዘር ነው። ሐርቡ ተወልዶ በአሥራ አራት ዓመቱ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገባና ብረት በናፍጣ ማጠብ ጀመረ። ዋናው መካኒክ ኢሳይያስ የሚባል የአስመራ ልጅ ነበር። ኢሳይያስ መፍቻ ከማስያዙ በፊት ጆሮ አስያዘው፤ ረጅም ካቻቢቴ የሚሠራ ሞተር ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደቅኖ፣ ምን ይላል ብሎ ይጠይቀዋል። ጩኸት ብቻ ነው የምሰማው ካለ ቀኑን ሙሉ ወደ ናፍጣው ይመለሳል። ሃያ ዓመት ሲሞላው ዳገቱን የሚወጣ ካሚዮን ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ ምኑ እንደታመመ ይናገር ጀመር። ሾፌሮቹ «ጆሮው» አሉት። ስሙን የማያውቁ እንኳ ጆሮውን ያውቁ ነበር።

በልጁ በኩል ሲያትል ሲገባ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ስድስት ጋራዥ ዞረ፤ ስድስቱም ሰርተፊኬት ጠየቁት። በስድስተኛው፣ ብረት ሰርተፊኬት አያነብም ብሎ በራሱ አማርኛ ተናግሮ ወጣ። ሰውየው አልገባውም፤ እሱም እንዲገባው አልፈለገም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ኖርዝጌት ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ ቁጭ ብሎ መኪና ሲገባና ሲወጣ ያያል። ያያል ከማለት ያዳምጣል ማለት ይሻላል። ሌላው ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ እንደሚሰማ፣ እሱ ኩሽኔታው ያለቀበትን፣ ፍሬኑ የሚያለቅስበትን፣ ቀበቶው የላላበትን መኪና እየሰማ ይውላል። የሚጠይቀው ግን የለም።

የኔነሽ ጠየቀችው። የየኔነሽን መኪና የነካው ለገንዘብ አይደለም፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መጀመሪያ «ምን ይላል?» ያለችው እሷ ስለሆነች ነው።

ንዝረቱ የጀመረው ከአምስት ሳምንት በፊት ነበር። ማውንትሌክ ቴራስ ላይ የጎማ ቤት ያለው ብሥራት የሚባል ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው የአዲስ አበባ ልጅ አለ፤ ቅዳሜ ዕለት የአርቪውን ስድስት ጎማዎች በአዲስ ቀየረላት። እሑድ ሀይዌይ ስትገባ መኪናው ተንዘፈዘፈ። ለዓብዱልሀሚድ ኮል አደረገች። እሱ ለአፍታም አላመነታም። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ መኪና ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው በመጨረሻ የነካው እጅ ነው። በመጨረሻ የነካው ብሥራት ነው። አለቀ።

ብሥራት ጎማዎቹን አውርዶ ባላንስ ደገመ። ንዝረቱ አልጠፋም። ሦስተኛም ሠራው። አልጠፋም። ዓብዱልሀሚድ በዚያ ሰሞን ሠርግ ተጠርቶ ነበርና ማይክ ሲሰጡት፣ ከሙሽሮቹ ምርቃት ጋር ይህችን ጣል አደረገ፦

«ጎማ አሰርሁ ብሎ ብሥራት ቢፎክር፣
ሳህን አስጨፈረ ከጓዳ እስከ በር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ግጥሟ በስልክ ተቀድታ ከግሩፕ ግሩፕ ስትዞር ሰንብታ ጎማ ቤቱ ደረሰች። ደንበኛ ሁሉ «አደራ፣ ሳህኔን እንዳታስጨፍርብኝ» እያለ ቁልፉን ይሰጠው ጀመር። ብሥራት አልመለሰም። ዝም ማለቱን ዓብዱልሀሚድ እንደ እምነት ቃል ቆጠረው።

የኔነሽ ቀኑ ሲያጥርባት መኪናውን ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰደችው። ካምቢዮው እየሞተ ነው፣ ለቁርጥራጭ ሽጪው አሏት፤ በወረቀትም ጻፉላት። ዓብዱልሀሚድ ወረቀቱን አገላብጦ አየው፣ እጁ ላይ ያለውን ግራሶ ጠረገበት።

«የሞተ ነገር አይጮህም፤» አላት። «ዓርብ ፈቃድ እወስዳለሁ። አንቺ ዕቃሽን አሽጊ።»

እናም ዓርብ ሆነ። ገና ሲነጋ ሁለቱ ወጡ፤ እሷ መሪ ላይ፣ እሱ ከጎኗ። ሃምሳ ማይል ሲደርሱ ጩኸቱ ተነሣ። ማርሹን ፍሪ እንድታደርገው ነገራት። ሞተሩ ወደ ለሆሳስ ወረደ፣ ካምቢዮው አፉን ዘጋ፤ ወለሉ ግን እንደ ቅድሙ ይጮሃል። ዓብዱልሀሚድ ጉልበቱን መታ። ያ ጋራዥ በቁሙ የቀበረው ካምቢዮ በሕይወት አለ፤ በሽታው ከሱ ወዲያ፣ ከዘንጉ እስከ ጎማው ድረስ ባለው ቦታ ነው። ጎማ ደግሞ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ወደ ሥጋ ቤቱ ጀርባ ተመለሱ። የፊት ጎማዎችን በእንጨት ታኮ አሰረ፣ የኋላውን በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስ ሥር የብረት ማቆሚያ ደገፈበት። ከዚያ አራቱን የኋላ ጎማዎች ፈታቸውና አጥሩ ሥር ደረደራቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ያለ ጎማ ሲዞር ዝም ካለ ብሥራት ተፈረደበት። ስልኩን ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር፣ ዝምታውን ቀድቶ ሊልክበት። ራሱ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ፤ እየዞረ ያለ ዘንግ ሥር የሚገባ መካኒክ ወደ ቀብሩ የሚቸኩል ነው።

የኔነሽ ጋቢና ሆና ቀስ እያለች ነዳጅ ሰጠች። ሠላሳ። አርባ። አርባ አምስት። ሃምሳ።

«እምምምምም» አለ መኪናው።

ጎማ የለ፣ አስፋልት የለ፣ ያው ጩኸት። አራቱ ጎማዎች አጥሩ ሥር ጸጥ ብለው ተጋድመዋል፤ በሐሰት ታስሮ እንደተፈታ ሰው እሱን የሚያዩት መሰለው። ስልኩን ኪሱ ከተተው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ፣ ብሥራትን ሳያስብ አዳመጠ።

ሚዛን የጎደለው ዘንግ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚመታው፤ ድምፁም ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው። ይህኛው ቀጠን ብሎ በእጥፍ ይመታል፦ ለአንድ ዙር ሁለት ጭብጨባ። ዜማ የሚያውቅ ጆሮ ይህን አይስተውም። ዘንጉ በሁለቱ ጫፎቹ ክሮቸራ የሚባሉ መታጠፊያዎች አሉት። ሁለቱ እኩል ከታጠፉ አንዱ ያፈጠነውን ሌላው ያበርደዋል፣ እንደ ተቀባይና አዝማች ይስማማሉ። አንዱ ከሌላው በልጦ ከታጠፈ ግን ይጣላሉ፤ ጠባቸው ነው ወለሉን የሚያስጮኸው።

ሞተሩ ጠፋ። የኔነሽ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ምን እንዳገኘ ጠየቀችው፤ ቆይ አላት። ካርቶኑ ላይ ተንጋሎ ገባ። ክሮቸራዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቀ፤ እንደ ወይፈን አንገት ጠንካራ ናቸው። ስልኩ ውስጥ ሐያ የጫነችለት ውሃ ልክ አለ፤ በካምቢዮው ጅራት ላይ አስደገፈው። አራት ዲግሪ ያጎነብሳል። ደኅና። ከዘንጉ ሌላኛ ጫፍ፣ የኋላ አክሱ መሃል ባለው ዲፍረንሻል ላይ አስደገፈው። አራት ቀና ብሎ ሰላምታውን ሊመልስ ይገባ ነበር፤ ሰባት ቀና ብሏል። አፍንጫውን ሰማይ ላይ ነፍቷል።

ማን አስነፋው ብሎ የስልኩን መብራት ወደ ጎን አዞረ። መብራቱ ባሌስትራው ላይ፣ የመኪናውን ጀርባ በተሸከመው የንጣፍ ብረት ድርድር ላይ ወደቀ። የሠላሳ ዓመት ዝገት የለበሱ ብረቶች፣ ከመካከላቸው አንድ ጥቁር ቀለም የተቀባ። በሌላው ጎንም እንዲሁ አንድ።

መብራቱን አጠፋ።

እነዚያን ሁለት ብረቶች የጨመረው ራሱ ነው። ብሥራት ጎማ ከመቀየሩ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ ከሥራ ሲመለስ። የኔነሽ የስፌት መኪናዋን፣ የባሏን መጻሕፍት፣ የውሃ በርሜሎቿን ስትጭን የመኪናው ጀርባ ወደ ታች ተጎትቶ ነበር። ዓብዱልሀሚድ ማንንም ሳያማክር ከአሮጌ ብረት ቤት የሌላ ካሚዮን ባሌስትራ አምጥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ደረበበት፤ ጀርባው ቀጥ አለ፤ እጁን ታጥቦ ሄደ። ኮምቦልቻ ውስጥ ባሌስትራ መጨመር ጥገና አይባልም፤ ወጥ ላይ ጨው መጨመር ነው። ሠላሳ ኩንታል ጫን ለተባለ መኪና ሃምሳ የሚጭን አገር ልጅ ሁሉ ይደርባል፣ ማንም መኪናውን ነካሁት አይልም። ስለዚህ በመጨረሻ የነካው ማነው ብሎ ሲፈርድ የራሱን እጅ ከቁጥር አላስገባውም። ብረቱ ደግሞ ከመሃሉ ወዲህ ያለው ግማሽ ከወዲያኛው ይረዝማል፤ የካሚዮኑ ጠባይ ነው። ያ ልዩነት አክሱን ጠምዝዞ የዲፍረንሻሉን አፍንጫ ሦስት ዲግሪ አነሣው። አንድ ሠርግ ሙሉ ሕዝብ ያሳቀው ጩኸት ከነዚያ ሦስት ዲግሪዎች ነበር የወጣው።

ከመኪናው ሥር ወጥቶ ጁምዓ እንዳያመልጠው መሄድ እንዳለበት ነገራት። እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተገ፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አልወጣም።

በመስጊዱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሲያስብ አንድ መንገድ ቁልጭ ብሎ ታየው። ማንም አላየም። በባሌስትራውና በአክሱ መካከል ቀጭን የብረት ሽብልቅ ቢያስገባ አፍንጫው ይወርዳል፤ ንዝረቱ ይጠፋል፤ የኔነሽ ታመሰግነዋለች፣ ትሄዳለች። ብሥራትም በግጥሙ ይኖራል። ቀላል ነበር። ከሶላቱ በኋላ ደጅ ወጥቶ ለሁለት የከባድ መኪና ዕቃ መደብሮች ደወለ። ሽብልቁ አለን፣ ግን ማክሰኞ ነው የሚደርሰው አሉት። ዛሬውኑ ይህን ዕቃ ማን ሊይዝ እንደሚችል ያውቃል፤ የካሚዮን የፊት እግር አሰላለፍ የሚያስተካክል ጎማ ቤት ያለ ሽብልቅ አይሠራም። በዚህ ከተማ ሰሜን እንዲህ ያለ ጎማ ቤት ያለው፣ ዛሬም «ነገ» የማይለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሲመለስ የኔነሽ ካርቶን እያሰረች አገኛት።

«የኔነሽ።»

«አቤት፣ ጋሽ ዓብዱ።»

«ጎማው ንጹሕ ነው። ካምቢዮውም ንጹሕ ነው። መኪናሽን ያሳመምሁት እኔ ነኝ።» የባሌስትራውን ነገር ከራስ እስከ ጭራ፣ ምንም ሳይቀንስ ነገራት።

እሷ የማሸጊያውን ቴፕ ቆረጠች። «ታዲያ አምስት ሳምንት ሙሉ ያን ልጅ ስናማው?»

«ሳማው በይ። አንቺ የለሽበትም።»

«ግጥሟን ለስድስት ሰው ልኬያታለሁ። አለሁበት።» ቴፑን አስቀመጠች። «ኦኬ። በሉ ብረቱን አውጡትና እንገላገል።»

«አይወጣም።» ድምፁ ያ የስድስተኛው ጋራዥ ድምፅ ሆነ። «ብናወጣው ጀርባው ይወርዳል፤ ይህን ሁሉ ጭነሽ ያንን ዳገት ስትወጪ ፊቱ ቀሎ መሪው ይከዳሻል። ብረቱ ልክ ነው፤ አቀማመጡ ነው የተሳሳተ። ያን የተነፋ አፍንጫ ዝቅ አደርገዋለሁ።»

«የሱን ነው የእርስዎን?»

ዓብዱልሀሚድ ጎማዎቹን ማሰር ጀመረ።

በሠላሳ አምስት ማይል፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ማውንትሌክ ቴራስ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው። ጎማ ቤቱ ደጅ አምስት ስድስት አበሾች ቆመው መኪናቸውን ይጠብቃሉ፤ ሁለቱ ሠርጉ ላይ ነበሩ። አርቪው ሲታጠፍ አንዱ «ሳህን መጣ!» አለ። ሳቁ። ብሥራት በጨርቅ እጁን እየጠረገ ወጣ።

«ጋሼ፣ ደኅና ዋሉ። ዛሬ ደግሞ ምኔ ነው የሚያንቀጠቅጠው?»

«ምንህም። የኔ ነው።»

«አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል።»

«ሶ፣ እነሱ አልሰሙማ፤» አለ ብሥራት፣ በአገጩ ወደ ቆሙት ሰዎች እያሳየ። ፈገግ አላለም። «ያኔ ማይክ ነበረዎት።»

ዓብዱልሀሚድ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አባት የሆነ ሰው በልጁ እኩያ ፊት አንገቱን መድፋት ምን ያህል እንደሚከብድ ይህን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን አንገቱን አልደፋም። ቀና አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ልክ እንደዚያ ቀን፦

«ሳህኑ ሲጨፍር ብሥራትን አማሁት፣
ለካስ ከበሮውን እኔ ነኝ የመታሁት።»

ቀጥሎም በተራ ቃል ደገመው። ባሌስትራ መደረቡን፣ መርሳቱን፣ ጎማው ከመጀመሪያውኑ ምንም እንዳልነበረው። «ይህችኛዋንም ቅዱና ላኩ፤» አላቸው። «ጥፋቴን አምኛለሁ። ሙያዬን ግን አልካድሁም። መኪናው ዛሬ ይድናል፤ የሚያድነውም ያሳመመው እጅ ነው። የሚያስቃችሁ ካለ ከዚያ በኋላ ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም። ብሥራት ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ስንት ዲግሪ?»

«ሦስት።»

«ሁለት ቁራጭ?»

«ሁለት። ብረት ይሁን፣ አሉሚኒየም አልፈልግም፤ ዳገት ላይ ይደቃል።»

«ጋሼ፣ ዕቃ ስጠኝ ብለው መጥተው ይመርጣሉ እንዴ?» አለ ብሥራት፣ ግን እየሄደ ነበር። ሁለት ሽብልቅ ይዞ ተመለሰ፤ ብረት።

ሁለቱ አብረው ሠሩ። ብዙም አልተነጋገሩም። ብሥራት በአየር መፍቻው ብሎኖቹን ሲፈታ ዓብዱልሀሚድ አክሱን በክሪክ ይዞ ሚሊ በሚሊ አወረደው። ሽብልቁን ወፍራሙን ጫፍ ወዴት እንደሚያዞሩ ተከራከሩ፤ ብሥራት ወደ ፊት አለ፣ ዓብዱልሀሚድ ወደ ኋላ አለ፣ የቆሙትም ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ጮኹ። በውሃ ልኩ ሞክረው አዩት። ብሥራት ልክ ነበር። ዓብዱልሀሚድ «እም» አለና ሽብልቁንና ባሌስትራውን የሚያያይዘውን መሃለኛ ካስማ አስገባ። ብሎኖቹን ግን ማንም እንዲያጠብቅለት አልፈቀደም፤ በእጁ፣ በረጅሙ መፍቻ፣ ተራ በተራ እያቋረጠ አጠበቃቸው፤ ደረቱ እንደ ወናፍ እየሠራ። ሲጨርስ ስልኩን ዲፍረንሻሉ ላይ አስደገፈ። አራት። ካምቢዮው ላይ አስደገፈ። አራት።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የኔነሽ መሪውን ጨበጠች። የሰኔ ፀሐይ ገና የመግባት ሐሳብ አልነበራትም። ዓብዱልሀሚድ ከጎኗ ተቀምጦ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፣ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ አኖረ፤ ጆሮ ሊሸነገል ይችላል፣ ውስጥ እግር ግን አይዋሽም። ብሥራት ከኋላ በሩን ተደግፎ ቆመ። ወደ ሰሜን ሀይዌይ ገቡ።

አርባ። አርባ አምስት። የኔነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ሃምሳ።

ምንም።

ሃምሳ አምስት። መጋረጃው በነፋሱ ብቻ ይወዛወዛል። ስልሳ። ወለሉ ከእግሩ ሥር እንደ ተኛ በሬ ጎን በርጋታ ይተነፍሳል። ሳህኖቹ በመደርደሪያቸው ዝም። ያ ዝምታ፣ ኦ ያ ዝምታ! ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቃል ሆኖ ይዞራል፣ አዝማችና ተቀባይ ታርቀዋል፤ ከፊት ደግሞ መንገዱ በግራና በቀኝ ዝግባውን አሰልፎ ለአንዲት ሴት ተዘርግቷል። የኔነሽ አላለቀሰችም። መሪውን በመዳፏ አንድ ጊዜ መታ አደረገችውና፣ ለማንም ባልሆነ ድምፅ፣ «እንግዲህ ይምጡና ይምከሩኝ» አለች።

ብሥራት ከኋላ፣ «ጋሼ፣ ሰማኒያ ላይ ጎማው የኔ ኃላፊነት አይደለም ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«አንተን ማን ጎማ አሳሪ አደረገህ» አለ ዓብዱልሀሚድ፣ እና ሦስቱም ሳቁ።

ወደ ጎማ ቤቱ ሲመለሱ ሰዎቹ ሄደዋል። የኔነሽ አርቪውን ከጥጉ አቁማ ትንሿን ጠረጴዛ ከግድግዳው ዘረጋች። ማለዳ የሠራችው አዚፋ፣ ቀዝቃዛ ጎመን፣ የተሰነገ ቃሪያ፣ እንጀራ ነበር። ዓርብም ነው፣ የሰኔም ጾም ነው፤ ሥጋ ስለሌለ የማን ቢላ ባረከው የሚያሰኝ ነገር ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ዓብዱልሀሚድ ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ ነገ ማለዳ ብሎኖቹን ደግሞ ሊያጠብቅ እንደሚገባ፣ መቶ ማይል ከሄደች በኋላም አንድ ጊዜ እንድታስፈትሽ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እንዳትይዝ እየዘረዘረ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከውሃ በቀር አልቀመሰም።

«ጋሽ ዓብዱ፣» አለች የኔነሽ፣ «ቤቴ ነው። ቤቴ ውስጥ ቆሞ የሚያወራ ሰው አልወድም።»

ብሥራት ወንበሩ ላይ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ዓብዱልሀሚድ ጥቁር ጥፍሮቹን አየ፣ ቦታውን አየ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከብሥራት ጉልበት ተጋጠመ። እንጀራውን ቆረሰ፣ አዚፋውን ጠቀለለ፣ ሰናፍጩ አፍንጫው ድረስ ወጥቶ ዓይኑን እያስነባው መብላት ጀመረ።